ጎረቤት ሲደሰት ምን ይደረጋል?

ጎረቤት ሲያዝን ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል። አንዷ ንፍሮ ትቀቅላለች፤ ሌላዋ እንጀራ ተሸክማ ትመጣለች። ከቀብር መልስ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል፤ «አቤት» ያላለ ይቀጣል። እኔ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ የአንዲት አነስተኛ እድር ጸሐፊ ከሆንኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በእነዚህ ዓመታት ማን ቀብር እንደዋለ፣ ማን እንደቀረ፣ ስንት ድስትና ስንት ብርጭቆ ወጥቶ ስንቱ እንደተመለሰ በእጄ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ስለ ደስታ ግን በመዝገቡ ውስጥ አንዲት መስመር አልነበረችም። «ሠርግና ሞት አንድ ነው» ይባላል፤ የእኛ መዝገብ የሚያውቀው ግን ሞትን ብቻ ነበር።

እንጀራዬ የልብስ ስፌት ነው። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ባብዛኛው ደስታ ያለበት ነው፤ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ፣ ሊመረቅ፣ ሊያገባ ወይም ሥራ ሊጀምር ሲል ይመጣል። (ጥቁር ልብስ እንደሆነ ብዙው ሰው ተውሶም ይለብሳል።) በሌላ ሰው ደስታ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ አብሮ መደሰትን ከማንም በላይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እንደማላውቅ የገባኝ በ2016 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ በሆነው ነገር ነው።

በዚያ ሰሞን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ወጥቶ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ትምህርት ሚኒስቴር አስታወቀ። ከእኛ መስመር ስድስት ልጆች ተፈትነው ነበር። ያለፈችው አንዲት ናት፤ ዳቦ እየጋገረች የምትሸጠው የጎረቤቴ ልጅ። ካላለፉት አምስቱ አንዱ የእኔው ልጅ ነው።

እናትየው እልል አላለችም። በሯን ዘጋች። አምስት ቤት ተክዞ ሳለ እልል ማለት ከበዳት መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ቀሚስ በፌስታል ይዛ ሱቄ መጣች፤ ለልጅቷ እንዲያጥርላት ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አለፈችልኝ እኮ» አለችኝ። እኔ እግሬን ከመርገጫው ሳላነሣ፣ ዓይኔን ከመርፌው ሳልነቅል፣ «የት ይመድቧት ይሆን? ሩቅ ከደረሳት እንዴት ልታደርጊ ነው? ዘመኑ ደግሞ እንደምታዪው ነው» አልኳት። አንድም ውሸት የለበትም፤ ሁሉም እውነተኛ ሥጋት ነው። እርሷም «እሱስ ነው» ብላ ፌስታሉን አስቀምጣ ወጣች። ቀሚሱን ልትወስድ ስትመጣ የእጅ ዋጋዬን ቆጥሬ ተቀበልኩ።

ልጅቷ እንዴት ሆና እንደሄደች የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ብርድ ልብስ አልነበራትም። የሻንጣዋ ዚፕ አልዘጋ ስላለ በሲባጎ ታስሮ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሻንጣውን እየተቀባበሉ መናኸሪያ የደረሱት እናትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው። ዚፕ መቀየር ለእኔ የሃያ ደቂቃ ሥራ ነው። ሱቄ ከቤታቸው አርባ እርምጃ አይርቅም። በሠፈራችን ሬሳ ያለ ሸኚ ሄዶ አያውቅም፤ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ግን ያለ ሸኚ ሄደች።

መጀመሪያ «ለምን አልነገረችኝም?» ብዬ ተቀየምኩ። ኋላ ነግራኝ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና በራሴ ላይ የሞከርኩትን ነው። የሰው ደስታ ሲነገረኝ እንዴት እንደምቀበለው፣ ከደስታው ወደ እርዳታ እንዴት እንደሚታለፍ፣ ልቤ እምቢ ሲል ደግሞ ምን እንደማደርግ።

ዜና ሲነገራችሁ እጃችሁን አቁሙ

በእኔ ቤት ይህ ቃል በቃል ነው። እግሬን ከመርገጫው አነሣለሁ፤ መርፌውን ከጨርቁ አወጣለሁ፤ ወንበሬን አዞራለሁ። ወጥ እያማሰላችሁ ከሆነ ማማሰያውን አኑሩ። ስልክ በእጃችሁ ከሆነ በግንባሩ ድፉት። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሥራውን የሚቀጥል ሰው አይቼ አላውቅም፤ የደስታ ወሬ ግን ሁላችንም ሥራ እየሠራን ነው የምንሰማው።

ቀጥሎ መልሱ ነው። አንዲት እናት መጥታ «ልጄ ባንክ ተቀጠረ» አለች እንበል። አራት ዓይነት መልስ ሰምቻለሁ፤ አራቱንም ራሴ መልሼ አውቃለሁ። አንደኛው፣ ዓይን ከሥራው ሳይነሣ «ጎሽ፣ ደግ ነው» ማለት። ሁለተኛው፣ «የባንክ ሥራ ደግሞ ገንዘብ ሲጎድል ከደመወዝ ይቆረጣል አሉ።» ሦስተኛው፣ «ውይ፣ የእኅቴም ልጅ እኮ...» ብሎ ወሬውን ነጥቆ ወደ ራስ ቤት ይዞ መሄድ። አራተኛው፣ «በማርያም! መቼ ነው የነገሩት? ቤት ማን ነበር? አባቱ ምን አለ?»

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሼሊ ጌብል ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው ጥናት እነዚህኑ አራት መንገዶች ለይታለች። ሰው መልካም ዜናውን ለሌላ ሲናገር ደስታው ራሱ እንደሚጨምር፣ ከአራቱ መልሶች ግንኙነትን የሚያጠነክረውም የመጨረሻው ብቻ እንደሆነ አገኙ። ሲነበብ ቀላል ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን «ጎሽ» ብሎ ዝም ማለት ከጥሩዎቹ ወገን አለመቆጠሩ ነው። ክፉ ሳልናገር ስለዋልኩ ደግ የሆንኩ ይመስለኝ ነበርና።

ከዚህ በላይ ግን ለእኔ ዋናው ነገር ሌላ ነው። በአራተኛው መንገድ የጠየቃችኋት እናት ወሬዋን ስትቀጥል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጥያቄ ላይ የጎደላት ነገር ራሱ ብቅ ይላል። «ሰኞ ይጀምራል... ከረባት እንኳ የለውም እኮ፣ ከአጎቱ ልንዋስ ነው።» ይህን ልትጠይቃችሁ አልመጣችም። በደስታ ቀን መጠየቅ ያሳፍራል፤ «አሁን ደግሞ ምን ጎደላት?» የሚያሰኝ ይመስላል። በኀዘን ጊዜ የጎደለው ነገር በግልጽ ይታያል፤ ሳንጠየቅ ይዘን እንሄዳለን። ደስታ ግን ጉድለቱን ይሸፍናል። ልጅ ሲያልፍ ሻንጣ ይጎድላል፣ ሥራ ሲገኝ ጫማ ይጎድላል፣ ቤት ሲሠራ መሰላል ይጎድላል። ይህን የሚያየው ወሬውን እስከ መጨረሻ የሰማ ሰው ብቻ ነው። እኔ ያቺን እናት «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ብያት ቢሆን ኖሮ ስለ ዚፑ ሳትነግረኝ አትወጣም ነበር።

ስለዚህ ሥጋታችሁን አቆዩት። ሥጋት ካለባችሁ በሳምንቱ፣ ያውም መፍትሔ ይዛችሁ ንገሩ። «ሩቅ ከደረሳት» ከማለት «እዚያ ከተማ የምትኖር ዘመድ አለችኝ፤ ስልኳን ልስጥሽ» ማለት ይሻላል። ሥጋቱ ያው ነው፤ ሁለተኛው ግን እጅና እግር አለው።

«ጋብዢን» አትበሉ

ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ጓደኞቼም በዚህ ይስቁብኛል። አንድ ሰው ሥራ አገኘሁ፣ ዕድገት ደረሰኝ፣ ዕጣ ወጣልኝ ሲል የመጀመሪያው መልሳችን «ታዲያ ግብዣው የት አለ?» ነው። ፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ገና ያልተቀበለውን ደመወዝ አስቀድመን እየበላንበት ነው። ደስታ ወጪ እንደሚያመጣ የተማረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል። ዝም ካለ ደግሞ የጎደለውን አንሰማም፤ ካልሰማን አንረዳም። ሰው ደስታውን የሚደብቀው ከምቀኛ ብቻ ሳይሆን ከወዳጅም ነው።

ሐዋሳን የሚያውቅ የሐይቁን ዳር የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ ያውቃል። ዓሣ አጥማጆቹ ገና ከጀልባ ሲወርዱ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ረዣዥም እግራቸውን ተክለው፣ አንገታቸውን ሰብረው ይጠብቃሉ። መረቡን ሲጎትቱ አንዱም አይቀርብም። ዓሣው ተከፍቶ ሆድ ዕቃው ሲጣል ግን ሁሉም አለ። ለወፍ ያምርበታል።

ግብዣ ከተደረገ ደግሞ የእናንተ ቦታ ከግብዣው በኋላ ነው። በድግስ ቀን አስተናጋጅ ሞልቷል፤ እልልታውም ሞልቷል። በማግስቱ ግን ቅባት የነካው ድስት ተከምሮ፣ የእድሩ ብርጭቆ መቆጠር ኖሮበት፣ ባለቤቲቱ ወገቧን ይዛ ቆማ ታገኟታላችሁ። ሁለት ሰዓት ብቻ ስጧት። የድግሱን ወሬ እየደገማችሁ፣ ማን እንዴት እንደጨፈረ እያነሣችሁ ማጠብ ነው። ሳቁ ከድግሱ ቀን ይበልጣል፤ እኔ እንዲያውም ከሠርጉ ይልቅ የማግስቱን የዕቃ ማጠብ መርጬ እሄዳለሁ።

ባዶ እጅ ሂዱ

ብዙ ሰው ደስታ ቤት የሚቀረው ስለሚጠላ አይደለም፤ የሚይዘው ስለሌለው ነው። የሠርግ ስጦታ፣ የልደት ስጦታ፣ የቤት ምርቃት ዕቃ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ለቅሶ ቤት በባዶ እጅ ይገባል፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት በቂ ነው። ደስታ ቤትም እንዲሁ ግቡ። በሦስት ቀን ውስጥ፣ ለሩብ ሰዓት፣ በእግራችሁ።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ ለዚህ ምሳሌ አለን። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጫምባላላ ጊዜ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ይላሉ። የሚያመጡት ነገር የለም፤ መልካም ምኞታቸውን ብቻ ነው። ቤቱ ደግሞ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራውን ቡሪሳሜ ያቀርብላቸዋል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር ሰው ሁሉ በጉዱማሌ አደባባይ ስለሚታየው ትዕይንት ሲያወራ እኔ ያሰብኩት እነዚያን ልጆች ነው። በሩን ያስከፈተው ስጦታ ሳይሆን ሰላምታ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውያለሁ። ባህላችን ለአንዳንድ ደስታ እርዳታውን አብሮ ሰፍቶለታል። ሴት ስትወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው ገንፎ ሊያገነፋ፣ የአራሷን ልብስ ሊያጥብ፣ ውኃ ሊቀዳ እጅጌውን ሰብስቦ ነው የሚገባው። ሠርግም እንዲሁ ነው፤ ሽንኩርት የሚከትፍ አይጠፋም። ፈተና ማለፍ፣ መቀጠር፣ ዕዳ ከፍሎ መጨረስ፣ ከሕመም መዳን ግን ወግ አልወጣላቸውም። እነዚህ ላይ ነው ሰው ብቻውን የሚቀረው።

ከሁሉ ይልቅ ብቻቸውን የሚቀሩት እንግዶች ናቸው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2016 ከተመረቀ ወዲህ በግቢያችን ከገጠር የመጡ ሴቶች ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። የእድር አባል አይደሉም። አንድ ቅዳሜ ማታ አንዷ በሬ ላይ ቆማ «እትዬ፣ ተቆጣጣሪ አደረጉኝ» አለችኝ። ቁልፍ ልታስተክል የመጣች መስሎኝ ነበር። ሸሚዝም አልያዘችም። ለእናቷ ብትደውል ኔትወርክ እምቢ ብሏታል፤ የምትነግረው ሰው አጥታ ነው የመጣችው። የስፌት መኪናውን ዘጋሁና ቡና አፈላሁ። ሌላ ምንም አላደረግኩም፤ የጎደላት እሱ ነበርና።

ልባችሁ እምቢ ሲል

እስካሁን የጻፍኩት ልብ ለሚታዘዝለት ሰው ነው። ስለማይታዘዘው እንነጋገር።

አንድ ዓይኔን አጥፋልኝ ያለውን ምቀኛ ሰው ተረት ሁላችንም ስለምናውቀው አልደግመውም። እኔ ያን ያህል ክፉ አይደለሁም፤ አብዛኞቻችሁም አይደላችሁም። የእኛ ችግር ትንሽና የማይታይ ናት። የሰውየው ደስታ ሲነገረን ደስ ይለናል፤ ወዲያውም የራሳችን ጉድለት ትነሣብናለች። ልጄ ቤት ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ እያለ ነው ያቺ እናት ወደ እኔ የመጣችው። ያቀረብኩላት ሥጋት እውነተኛ ቢሆንም ከየት እንደመጣ አሁን አውቀዋለሁ።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ደስ ከሚላቸው ጋር ደስ ይበላችሁ ብሎ ይጀምርና ከሚያለቅሱት ጋር ማልቀስን ቀጥሎ ያነሣል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲያብራራ፣ ካዘነ ሰው ጋር ማልቀስ ተፈጥሮ ራሷ የምታስፈጽመው ነገር ነው ይላል፤ ከተደሰተው ጋር መደሰት ግን ቅናትን ማሸነፍ ስለሚጠይቅ ትልቅ ነፍስ ይፈልጋል፤ ጳውሎስም ያስቀደመው ለዚህ ነው። ይህን ሳነብ ተጽናናሁ። ከባዱን ክፍል ነው የወደቅኩት ማለት ነው፤ ቀላሉን አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ልብ እስኪመጣ መጠበቅ አይበጅም። እጅን ማስቀደም ነው።

በቀጣዩ ዓመት ፈተና ያለፉት 5.4 በመቶ ሆኑ። ከእኛ ሠፈር የባለ ባጃጁ ልጅ አለፈ። አባትየው ከአቶቴ መንገድ ጀምሮ ክላክሱን እያስጮኸ መጥቶ ሱቄ በር ላይ ቆመ። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት፤ በአፌ ብቻ። ሆዴን ባር ባር ብሎት ነበር። እርሱም እንደ ወጉ «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለኝ። ይህን መልስ በሕይወቴ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ያን ቀን ግን «አብሮ» የምትለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። አብሮ አለኝ እኮ! ሰውየው በማላውቀው ደስታ ውስጥ አስገብቶኝ ሄደ።

ያን ጊዜ ማለት የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሱሪ አለው ወይ?» ልጁ ማታ መጣ፤ ለካሁት። እግሩ እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ቁመቱ ገና የሚሄድ ልጅ ነው። ጨርቁን በጠመኔ ስሰምር የታችኛውን እጥፋት አራት ጣት ተውኩለት፤ ሲያድግ ይፈታታል ብዬ። እስካሁን ምንም አልተሰማኝም፤ ሥራ ነው። ከወገቡ በስተውስጥ ትንሽ የምስጢር ኪስ መስፋት ጀመርኩ፤ የመንገዱን ገንዘብ የሚይዝባት። ኪሷን ስገለብጥ ልጁ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ሰው እንዳያየው ዘወር ብሎ ብሩን ሲደባብስ ታየኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ደስታው መቼ እንደገባ አላውቅም። ሦስተኛው ጠርዝ ላይ ስደርስ ግን ነበረ። በማግስቱ «በላይህ ይለቅ» ስለው ከአፌ ብቻ አልነበረም። የእጅ ዋጋም አልተቀበልኩም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ኤሊዛቤት ደን፣ ላራ አክኒንና ማይክል ኖርተን ያሳተሙት አንድ ሙከራ ይህን ያስታውሰኛል። ካናዳ ውስጥ ጠዋት ለሰዎች አምስት ወይም ሃያ ዶላር ይሰጧቸዋል፤ ገሚሶቹን ለራሳችሁ አውጡት፣ ገሚሶቹን ለሌላ ሰው አውጡት ይሏቸዋል። ማታ ሲጠየቁ ይበልጥ የተደሰቱት ለሌላ ያወጡት ነበሩ፤ አምስትም ይሁን ሃያ ልዩነት አላመጣም። ለሌላው ያወጡት ሰዎች በፈቃዳቸው ሳይሆን ታዘው እንዳደረጉት ልብ በሉ። እጅ ቀደመ፤ ደስታው ተከተለ።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። ደስታው የሚያማችሁ ሰው ዘንድ ትንሽ፣ በእጅ የሚሠራ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ እርዳታ ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብ አይሁን፤ ገንዘብ ሲሰጥ አእምሮ መቁጠር ይጀምራል። የሙያችሁ ነገር ይሁን። አናጢ ከሆናችሁ መደርደሪያ፣ ሾፌር ከሆናችሁ መናኸሪያ ማድረስ፣ ምንም ሙያ የለኝም ካላችሁ ሕፃን መያዝ። ቁስሉ ትኩስ ከሆነ ደግሞ አትሂዱ፤ ሳምንት ቆዩ። ልጅ ያጣችን እናት ለአራስ ጥየቃ ካልመጣሽ የሚል ሰው ጤነኛ አይደለም።

የረዳችሁትን ፍጻሜ እዩ

ይህ ለእድሮችና ለማኅበራት ይጠቅማል። ሰው ለምን እንደሚረዳ በተመራማሪዎች ዘንድ የቆየ ክርክር አለ። ስሚዝ፣ ኪቲንግና ስቶትላንድ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት ሐሳብ፣ የሰው ነገር የሚሰማው ሰው የሚረዳው የተረጂውን ደስታ ለማየትና ለመካፈል ነው የሚል ነው። በሙከራቸውም የእርዳታቸውን ውጤት ኋላ እንደሚያዩ የተነገራቸው ሰዎች፣ አታዩም ከተባሉት ይልቅ ለመርዳት ፈቃደኛ ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳንኤል ባትሰንና ባልደረቦቹ ይህን ፈትነው፣ ውጤቱን እንደማያዩ እያወቁም የሚረዱ ርኅሩኆች እንዳሉ አሳዩ። ስለዚህ ደስታውን ማየት ብቸኛው ምክንያት አይደለም።

እኔ ሁለቱንም በእድራችን አይቻለሁ። አንድ ጡረተኛ ጋሼ አሉ፤ ብር ሰጥተው ዳግም ስለ ጉዳዩ አይጠይቁም፣ ቢነገራቸውም ወሬ ይቀይራሉ። እንደ እርሳቸው ያለው ግን ጥቂት ነው። ሌሎቻችን አንድ ጊዜ ሰጥተን ምን እንደሆነ ካልሰማን ሁለተኛ ጊዜ እጃችን ይከብዳል። ለባለ ባጃጁ ልጅ ብርድ ልብስ ያዋጡ ሰዎች፣ ልጁ ከደረሰበት ደውሎ «ሌሊት ብርዱ ይጋረፋል፣ ብርድ ልብሱ ግን ሙቀቱ!» ማለቱን በስብሰባ ላይ ከሰሙ በኋላ ለሚቀጥለው ልጅ ሳይጠየቁ አወጡ። ስለዚህ እርዳታ ስትሰጡ «ስትደርስ ደውልልኝ» በሉ። ውጤቱን ማወቅ መብታችሁ አይደለም፤ መጠየቅ ግን ነውር የለበትም። ነውር የሚሆነው ተረጂውን አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የምስጋና ደብዳቤ ማስጻፍና በየስልኩ መበተን ነው። ያ ደስታ መካፈል ሳይሆን ደረሰኝ መቁረጥ ነው።

ከመዝገቡ ጀርባ

በመጨረሻ ነገሩን ወደ እድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ወሰድኩት። ደስታም ይመዝገብ አልኩ። ሰብሳቢያችን «እድር ለሞት ነው የተቋቋመው» አሉ። አንዱ ተነሥቶ «እልል ያላለ ሊቀጣ ነው?» ሲል አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሁለት ሰዓት ተጨቃጭቀን የደረስንበት ይህ ነው፤ ለሚፈልግ እድር ያው። መዋጮ የለውም። ቅጣት የለውም። ስም አይጠራም። በየወሩ አንድ ተረኛ ይመረጣል፤ ሥራው ደስታ መኖሩን መስማት፣ ሄዶ ወሬውን እስከ መጨረሻ ማዳመጥና የጎደለውን ማወቅ ነው። የሰማውን ለሁሉ አይናገርም፤ ጉድለቱን ሊሞሉ ለሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ይነግራል። ባለቤቱ እንዳይወራበት ከፈለገ አይወራም፤ ዓይነ ጥላን የሚፈራ ሰው ፍርሃቱ ይከበርለታል። ሰብሳቢው ለዚህ አዲስ መዝገብ አንገዛም ስላሉ የሞቱን መዝገብ ገልብጬ ከጀርባው ጀመርኩ።

እስካሁን አሥራ ሰባት መስመር ሞልቷል። ጥቂቱን ልገልብጥ።

ኅዳር 4፦ የግንበኛው ሚስት ተገላገለች። የጎደለ፦ ውኃ የሚቀዳ። ሁለት ጎረምሶች ተመደቡ፤ አንዱ ቀረ።

ጥር 20፦ ባለ ሱቁ ዕዳውን ከፍሎ ጨረሰ። የጎደለ፦ የለም አለ። ደግመን ስንጠይቀው፦ እንቅልፍ። እሑድን ሱቁን ጠበቅንለት።

መጋቢት 11፦ ጋሼ ከዓይን ሕክምና ተመለሱ፤ አዩ። የጎደለ፦ ጋዜጣ።

ሰኔ 12፦ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ለዕረፍት መጣች። የጎደለ፦ የሻንጣ ዚፕ። ተቀየረ። የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩም፤ እናትየው ግን ሁለት ዳቦ በግድ ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄዳለች።